ቦርሳ ክፈት!

ለትልቅ ጨዋታ ስታዲየም በር ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ሰልፉ እንደ ዘንዶ ተጠማዟል። ከፊታችሁ ያለችው ልጅ ቦርሳዋን ለፈታሿ ታቀብላለች። ፈታሿ እጇን ሰዳ አንድ በአንድ ታወጣለች፤ ጃንጥላ፣ ሽቶ፣ መስታወት፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ፣ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ። ውሃው ወይ ይጠጣል ወይ ይደፋል። ሽቶው ይቀራል። ጃንጥላው አጥሩ ሥር ከተኮለኮሉት ወንድሞቹ ጋር ይቀላቀላል፤ ማን እንደሚጠብቀው፣ ስትወጣ ከማን እንደምትቀበለው የሚነግራት የለም። ልጅቷ ትነጫነጫለች፤ ፈታሿ ትቆጣለች፤ ከኋላ አንዱ «ኧረ ተጀመረ እኮ!» ብሎ ይጮሃል። በዚህ መሀል ስታዲየሙ ከውስጥ በአንድ ድምፅ ያገሳል። የመጀመሪያዋን ጎል በጆሯችን አየናት ማለት ነው።

እኔ ለረጅም ጊዜ ይህ ሁሉ የፈታሾች አመል ይመስለኝ ነበር። ሰው ማስቸገር የሚወዱ፣ የሰው ሽቶ የሚያምራቸው ሰዎች ሥራ። በኋላ ግን ታሪኩን ሳገላብጥ ሌላ ነገር አገኘሁ። በር ላይ ከሚለጠፈው የክልከላ ዝርዝር ውስጥ ብዙው መስመር የልደት ቀን አለው፤ የልደት ቀኑም ብዙ ጊዜ የሰዎች የሞት ቀን ነው። የሚገርመው ደግሞ በነዚያ ቀናት ዙሪያ የኛ ሯጮች ስም አለመጥፋቱ ነው። እናላችሁ ዛሬ የማወጋችሁ ይህንኑ ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቀም ዓ.ም. እላለሁ።)

ቱታ የለበሱት ሰዎች

ከሙኒክ እንጀምር። ጀርመኖች በ1972 ኦሎምፒክ ሲያዘጋጁ አንድ ትልቅ ጭንቀት ነበረባቸው፤ የ1936ቱን፣ የሂትለሩን የበርሊን ኦሎምፒክ ከሰው አእምሮ ማጥፋት። ስለዚህ ወታደርና ጠመንጃ የማይታይበት፣ ደስ የሚል፣ ፈታ ያለ ውድድር እንዲሆን ወሰኑ። የኦሎምፒክ መንደሩን የሚጠብቁት ሰዎች መሣሪያ አልያዙም፤ ለብሰውት የነበረውም ውሃ ሰማያዊ ልብስ ነው። መንደሩን የከበበው አጥር ሁለት ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ማታ ወጣ ብለው ያመሹ አትሌቶች በዚያው አጥር ላይ ተንጠላጥለው ይገቡ ነበር፤ ማንም ምንም አይላቸውም።

ሴፕቴምበር 5 ሊነጋጋ ሲል ስምንት ሰዎች ወደዚህ አጥር መጡ። ቱታ ለብሰዋል፤ የስፖርት ቦርሳ ይዘዋል። ከምሽት መዝናኛቸው ሲመለሱ የነበሩ ሌሎች አትሌቶች አገኟቸውና እንደነሱው አምሽተው የመጡ መስሏቸው አጥሩን እንዲሻገሩ አገዟቸው። ቦርሳዎቹ ውስጥ ግን የነበረው ክላሽንኮቭና የእጅ ቦምብ ነው። ሰዎቹ ጥቁር መስከረም የተባለው የፍልስጤም ታጣቂ ቡድን አባላት ነበሩ። ቀኑ አልፎ ሌሊቱ ሲጋመስ 11 የእስራኤል ቡድን አባላትና አንድ ጀርመናዊ ፖሊስ ሞተዋል።

ውድድሩ ለአንድ ቀን ያህል ተቋርጦ ቀጠለ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 10፣ በሜክሲኮ ወርቅ ያመጣልን ማሞ ወልዴ በዚያች ሐዘን በተቀመጠች ከተማ ማራቶን ሮጦ ነሐስ አገኘ። እኛ ሙኒክን ስናነሳ የምናስታውሰው ነሐሱን፣ እንዲሁም ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ያገኘውን ሌላውን ነሐስ ነው። የቀረው ዓለም የሚያስታውሰው ግን ያንን አጥርና ያንን ቦርሳ ነው።

ልብ በሉ፤ በሙኒክ ቦርሳው አልተፈተሸም ብቻ አይደለም። ያልተፈተሸው የያዘው ሰው «የኛ ሰው» ስለመሰለ ነው። ቱታ ለብሷላ! ይህቺን ያዙልኝ፤ ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ እንፈልጋታለን።

የጠርሙሱ ጥፋት

ሁሉም ክልከላ ግን ከቦምብ አልተወለደም። ሃይላንዳችንን የሚያስደፋን ሕግ ዘመዶቹ ስኮትላንድ ናቸው። በሜይ 1980 ግላስጎው በሚገኘው ሃምፕደን ፓርክ ሴልቲክ ሬንጀርስን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ የሁለቱም ደጋፊዎች ሜዳ ገብተው በጠርሙስና በቆርቆሮ ተፈነካከቱ። የፈረስ ፖሊስ ነው የለያቸው። በዚያው ዓመት ስኮትላንድ መጠጥንም ጠርሙስንም ከስታዲየም በር የሚመልስ ሕግ አወጣች። እንግሊዝ በ1985 ተከተለቻት።

በዚህ ሕግ ዓይን ጠርሙስ ማለት የመጠጥ ዕቃ ሳይሆን የሚወረወር ነገር ነው። ብዙ ስታዲየሞች ውሃ ሲሸጡላችሁ ክዳኑን አውልቀው የሚያስቀሩትም ለዚህ ነው፤ የተከደነ ሙሉ ጠርሙስ እንደ ድንጋይ ይወረወራል፣ ክዳን የሌለው ግን መንገድ ላይ ይደፋል። ካታንጋ ተቀምጦ ሃይላንድ በአናቱ ላይ ስታልፍ ያየ ሰው ይህ ፍልስፍና በደንብ ይገባዋል።

አግዳሚው ሥር የነበረው ሻንጣ

ወደ ቦርሳው እንመለስ። አትላንታ፣ 1996። ውድድሮቹ የሚካሄዱባቸው ስታዲየሞች ይፈተሻሉ፤ ሙኒክ አስተምራለች። ነገር ግን መሀል ከተማው ላይ ለሕዝብ የተከፈተ ትልቅ መናፈሻ ነበር፤ ሴንተኒያል ኦሎምፒክ ፓርክ። መግቢያው ነፃ፣ ፍተሻ የለም፣ በየሌሊቱ ሙዚቃ አለ። ትኬት መግዛት ያልቻለው ሁሉ ኦሎምፒኩን የሚያከብረው እዚያ ነበር።

ጁላይ 27፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ሪቻርድ ጁዌል የተባለ የጥበቃ ሠራተኛ አንድ አግዳሚ ወንበር ሥር ባለቤት የሌለው በጀርባ የሚታዘል ሻንጣ አየ። ለፖሊስ ተናገረ፤ የፈንጂ ባለሙያዎች እስኪደርሱም በአካባቢው ያለውን ሰው ገለል ማድረግ ጀመሩ። ሰው ገና ተነስቶ ሳያልቅ ሻንጣው ፈነዳ። ውስጡ ቦምብና ሚስማር ነበር። አንዲት ሴት በፍንዳታው ሞተች፤ አንድ ቱርካዊ የቴሌቪዥን ካሜራማን ወደ ቦታው ሲሮጥ ልቡ ቆመ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ሰዎቹን ማራቅ ባይጀምሩ ኖሮ የሟቹ ቁጥር እጅግ ይበዛ ነበር።

በማግስቱ፣ ጁላይ 28 ጠዋት፣ የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ በዚያችው በደነገጠች ከተማ ጎዳናዎች ላይ ሁሉንም ጥላ ሄደች። በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። እኛ ቤት እልልታ ነበር። መናፈሻው እንደገና ሲከፈት ግን በሩ ላይ አዲስ ነገር ቆሞ ነበር፤ ቦርሳ ፍተሻ።

የጁዌል ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ጥቂት ቀናት ጀግና ከተባለ በኋላ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች «ራሱ ያስቀመጠው ሳይሆን አይቀርም» ብለው ተነሱበት፤ መርማሪዎቹም ቤቱን በረበሩት። ንጹሕ መሆኑ በይፋ የተነገረው ከ88 ቀን በኋላ ነው። ትክክለኛው ወንጀለኛ ኤሪክ ሩዶልፍ የተያዘው በ2003፣ ጥፋቱን ያመነው በ2005 ነበር። እንግዲህ ሻንጣውን ያየው ሰው ራሱ ሻንጣው የተበረበረበት ሰው ሆነ ማለት ነው። ጥርጣሬ አንዴ ከተለቀቀ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

«አውቀህ መጥተሃል»

ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ አሜሪካ ውስጥ የስታዲየም በር የአውሮፕላን ማረፊያ በር መምሰል ጀመረ። በ2005 የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ተመልካች ሁሉ ከወገቡ በላይ እየተዳበሰ እንዲገባ ለክለቦቹ ትእዛዝ አስተላለፈ። በፍሎሪዳዋ ታምፓ ከተማ የዓመት ትኬት የነበረው አንድ አስተማሪ ግን «ምንም ሳልጠረጠር ሰውነቴ አይዳበስም፤ ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀኛል» ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። መጀመሪያ ተፈረደለትም። በ2007 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገለበጠው። ምክንያቱን አስተውሉ፤ ሰውየው ፍተሻ እንዳለ ቀድሞ ያውቅ ነበር፣ እያወቀ መጣ፣ ስለዚህ ተስማምቷል።

በውሳኔው መስማማት አለመስማማት የእናንተ ፈንታ ነው። እኔን የያዘኝ ውስጡ ያለው ሐሳብ ነው። ሰው በር ላይ እንዲፈተሽ መብት የሚሰጠው ነገር ቀድሞ ማወቁ ከሆነ፣ ቀድሞ ያልተነገረው ሰውስ? ከአዳማ ተነስቶ፣ ሻንጣውን እንደያዘ፣ በቀጥታ ከመናኸሪያ ስታዲየም የመጣው ልጅስ በምን ተስማማ?

የቦርሳ ዓመት፤ 2013

ከዚያ በፊት አንድ የአፍሪካ ሌሊት አለ። ጁላይ 11 ቀን 2010፣ ስፔንና ሆላንድ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲጫወቱ ካምፓላ ውስጥ ሁለት ቦታ ቦምብ ፈነዳ። አንዱ ራግቢ ክለብ፣ ሌላው ኢትዮጵያን ቪሌጅ የሚባለው የሐበሻ ምግብ ቤት ነበር። ጨዋታ በትልቅ ስክሪን ሊያዩ ከተቀመጡ ሰዎች ከ70 በላይ የሚሆኑት አልቀው ቀሩ። አልሸባብ ኃላፊነቱን ወሰደ። ከፍንዳታው በኋላ ሌላ መዝናኛ ቤት ውስጥ ያልፈነዳ ቦምብ ተገኘ፤ የተቀመጠው በላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ከዚያ 2013 መጣ። ኤፕሪል 15 የቦስተን ማራቶንን ሌሊሳ ዴሲሳ አሸነፈ። ሌሊሳ መስመሩን ካለፈ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ተራው ሯጭ በሚገባበት ሰዓት፣ መጨረሻው መስመር አጠገብ ሁለት ቦምቦች ተከታትለው ፈነዱ። የተሠሩት ሁላችን ሽሮ ከምናበስልበት ዓይነት ፕሬዠር ኩከር ነው፤ የመጡት በጀርባ ቦርሳ ነው። አንድ የስምንት ዓመት ልጅን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ፤ ብዙዎች እግራቸውን አጡ። ሌሊሳ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ሄደና ሜዳሊያውን ለቦስተን ከተማ ሰጠ። እኔ ከኛ አትሌቶች ድሎች መካከል ይህን ከፊት ነው የማስቀምጠው።

በሚቀጥለው ዓመት የቦስተን ሯጮች ወደ መነሻው በሚወስዳቸው አውቶቡስ ላይ ቦርሳ ይዘው እንዳይሳፈሩ ተከለከሉ። መቀየሪያ ልብሳቸውን ቀድመው፣ አዘጋጆቹ በሰጧቸው ውስጡ በሚታይ ፌስታል አድርገው ማስረከብ ነበረባቸው። በዚያ ውድድር ብዙነሽ ዳባ ሁለተኛ ሆና ገባች፤ አንደኛ የወጣችው ኬንያዊት በአበረታች መድኃኒት ውጤቷ ሲሰረዝ ድሉ የብዙነሽ ሆነ። የተመልካቹ ቦርሳ ሲፈተሽ የከረመበት ውድድር ዋናው ማጭበርበር የተገኘው ሯጭ ደም ውስጥ ነበር። ታሪክ አንዳንዴ ቀልደኛ ነው።

ከቦስተን ሁለት ወር በኋላ፣ በጁን 2013፣ ያው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የዛሬውን ሕግ አወጣ። ቦርሳ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ይሁን፤ ስፋቱና ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ካልሆነ አራት ሊትር ገደማ የሚይዝ የፍሪጅ ፌስታል ይበቃል። ከዚያ ሌላ የእጅ መዳፍ የሚያህል ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይፈቀዳል። እናቶቻችን እንግዳ ፊት ይዘው መቅረብ የሚያፍሩበት ፌስታል የስታዲየሙ ንጉሥ ሆነ! የኛ ፓርላማ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ አጸደቀ። አንዱ ጋ የተከለከለው ሌላው ጋ ይለፍ ነው።

ሕጉን በተለይ ሴቶች አልወደዱትም፤ ትክክልም ናቸው። የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያውን፣ መድኃኒቱን፣ የሕፃን ዳይፐሩን ለ70 ሺህ ሰው እያሳየ መሄድ የሚፈልግ ማነው? መዳፍ የምታህለዋ ቦርሳ የተፈቀደችው ቢያንስ ለዚህ ትሁን።

ማሊያ የለበሱት?

አሁን ወደ ቤታችን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እሑድ። ዋልያዎቹ ከብራዚሉ ዓለም ዋንጫ አንድ የደርሶ መልስ ጨዋታ ብቻ ርቀዋል፤ ተጋጣሚ ናይጄሪያ። በዚያ ቀን አዲስ አበባ የነበረ ሰው አይረሳውም፤ ከተማው ሁሉ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሶ ነበር። በኃይሉ አሰፋ አግብቶ ጣራ ነካን፤ በኋላ ኢሜኒኬ ሁለት አግብቶ 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ኩምሽሽ ብለን ወደየቤታችን ገባን።

በዚያው ዕለት ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ፍንዳታ ተሰማ። ሁለት ሶማሊያውያን ሞቱ። መንግሥት ሰዎቹ ቦምቡ በእጃቸው ላይ እንደፈነዳባቸው፣ ዒላማቸውም ለጨዋታው የተሰበሰበው ሕዝብ እንደነበር አስታወቀ። በቤቱ ከተገኙት ነገሮች መካከል የብሔራዊ ቡድናችን ማሊያ እንደነበረበት ተነገረ።

ማሊያ! በሙኒክ ቱታ፣ በአዲስ አበባ ማሊያ። ከ41 ዓመት በኋላም ዘዴው ያው ነው፤ የኛ ሰው መምሰል። ያን ቀን በር ላይ ስንነጫነጭ ከነበርነው ስንቶቻችን ይህን አውቀን ነበር? እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ፈታሽ ላይ ስነጫነጭ ድምፄን ቀነስ አድርጌያለሁ።

ግን ነገሩ ሌላም ጎን አለው። በኖቬምበር 2015 ፈረንሳይ ከጀርመን ስትጫወት ሦስት አጥፍቶ ጠፊዎች ፓሪስ አጠገብ ወደሚገኘው ስታድ ደ ፍራንስ መጡ። አንዱም ውስጥ አልገባም፤ አንደኛው ትኬት ስላልነበረው በሩ ላይ ቆሞ የነበረ ጠባቂ መልሶታል። ሦስቱም ውጭ ራሳቸውን አፈነዱ፤ አንድ መንገደኛ ሞተ። በሩ ሥራውን ሠርቷል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት በሩ ላይ እንደኛው ዘንዶ ሰልፍ ቆሞ ቢሆን ኖሮስ? ሰልፍ ራሱ ዒላማ ነው። ፈታሽ አንዲትን ልጅ አቁሞ ስለ ሽቶ ሲከራከር ከኋላዋ የሚጠራቀመው ሕዝብ ጥበቃ የለውም። ስለዚህ ዝግጅት የሌለው ፍተሻ ደኅንነትን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከእኛ ልጀምር። ትልቁ ዝግጅት ቀላሉ ነው፤ ቦርሳውን ቤት ተዉት። ኪስ ውስጥ ትኬት፣ ስልክ፣ መታወቂያ፣ ጥቂት ብር ከገባ ሌላ ምን ያስፈልጋል? መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከነማሸጊያው፣ ከተቻለም ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዝ። ዝናብ ከተፈራ በጃንጥላ ፋንታ ኮፍያ ያለው ጃኬት። በቡድን ከሆናችሁ፣ ስልክ እምቢ ቢል የምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ተስማሙ።

ውጭ ላላችሁት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ከተሞች አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስ ሐበሻ የሞላባቸው ናቸው። ከ1984 ጀምሮ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓልም የሚዘጋጀው በነዚሁ አገሮች ስታዲየሞች ነው። ዶሮ ወጡን በሦስት ዕቃ፣ እንጀራውን በትልቅ ሻንጣ ጭነው ለሚመጡት እትዬ ሕጉን በር ላይ ከሚነግራቸው ፈታሽ ይልቅ ከሳምንት በፊት የሚደውልላቸው የእህታቸው ልጅ ይሻላል።

ለአዘጋጆች ያለኝ ግን ጥያቄ ነው። ሕጉን ከትኬቱ ጋር ንገሩን፤ በሬዲዮም፣ በስልክ መልእክትም። በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ማስታወቂያ አይደለም፤ ያን ጊዜ ጃንጥላው መጥቷል። ከበሩ ራቅ ብሎ ቁጥር እየሰጠ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው ይኑር፤ ከክፍለ ሀገር የመጣው ልጅ የልብሱን ሻንጣ አጥር ሥር ጥሎ እንዳይገባ። ቦርሳ ላልያዘ ሰው የተለየ ሰልፍ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ግማሹ ሕዝብ ባዶ እጁን ይመጣል። ፈታሾቹንም «ቀማ» ብላችሁ ብቻ አታሰማሯቸው፤ ለምን እንደሚፈትሹ ንገሯቸው። አትላንታ ላይ ሰው ያዳነው የሽቶ ክልከላ አይደለም፤ ባለቤት የሌለውን ሻንጣ አይቶ ዝም ያላለ ዓይን ነው። ሽቶ ሲቀማ የዋለ ዓይን ግን ይደክማል።

እናላችሁ በሚቀጥለው ጨዋታ ፈታሿ «ቦርሳ ክፈቺ» ስትልሽ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አስቢ፤ ሙኒክም፣ አትላንታም፣ ካምፓላም፣ ቦስተንም አሉ። አንቺም «ዕቃዬን ከማን ነው የምቀበለው?» ብለሽ ጠይቂያት፤ መብትሽ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሁለታችሁም እንዳትነታረኩ ጃንጥላውን ቤት መተው ነው። ቆሎው ኪስ ይገባል።